ባንኮክ ለጥንዶች፦ ካኦ ሳን፣ ያኦዋራት ወይስ ናና?

ባንኮክ ውስጥ ርካሽ አልጋ ሞልቷል። ጥያቄው አልጋው የት ሰፈር ነው የሚለው ነው። ከተማዋ ሰፊ ናት፤ የመንገዱ መጨናነቅ ደግሞ አያድርስ ነው። ጠዋት በ20 ደቂቃ የደረሳችሁበት ቦታ አመሻሽ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊወስድባችሁ ይችላል። ሻንጣ በጀርባ አዝላችሁ ሁለት ሆናችሁ የምትሄዱ ከሆነ ከክፍሉ ፎቶ በፊት ካርታውን እዩ።

መጀመሪያ ግን ስለ ክፍሉ እናውራ። ብቻውን ለሚጓዝ ሰው ሆስቴል ገብቶ የጋራ ክፍል ውስጥ አንድ አልጋ መያዝ ያዋጣዋል። ለሁለት ሰው ሂሳቡ ሌላ ነው። የጋራ ክፍል አልጋ ብዙ ጊዜ ከ300 እስከ 500 ባት (የታይላንድ ገንዘብ) ይደርሳል። ሁለት አልጋ ስትይዙ ከ600 እስከ 1,000 ባት ከፈላችሁ ማለት ነው። በዚያው ገንዘብ ጌስት ሃውስ ውስጥ የራሳችሁ በርና የራሳችሁ ቁልፍ ያለው ክፍል ይገኛል። ሻወሩ ኮሪደር ላይ ቢሆን፣ ክፍሉም ቬንትሌተር ብቻ ቢኖረው ግድ ከሌላችሁማ ገንዘብ ይተርፋችኋል። ባለቤቴ «የማላውቀው ሰው ሲያንኮራፋ አድሬ የማተርፈው ብር ይቅርብኝ» ትላለች። ተከራክሬያት አላውቅም።

ቬንትሌተሩ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ለብዙ ሰው ይበቃል። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ግን ሌሊቱም ይሞቃል፤ ያኔ ኤሲ ላይ አትቆጥቡ።

ካኦ ሳን

በርካሽ የሚጓዙ ወጣቶች ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚያርፉበት የታወቀ ሰፈር ነው። ዋናው ጥቅሙ ለአሮጌው ከተማ ቅርብ መሆኑ ነው። ታላቁ ቤተ መንግሥት በእግር ከ20 ደቂቃ ብዙ አያልፍም። ዋት ፖ፣ ያ ግዙፍ የተጋደመ ቡድሃ ያለበት ቤተ መቅደስ፣ ከቤተ መንግሥቱ ቀጥሎ ነው። ልብስ በኪሎ የሚያጥቡ ቤቶች፣ ማሳጅ፣ ወደ ሌሎች ከተሞች የሚሄዱ ሚኒባሶች ትኬት፣ ሁሉም በአንድ መንገድ ላይ ይገኛል። ዋጋውም ከሦስቱ ሰፈሮች ዝቅ ያለው ነው።

ጉዳቱ ጩኸቱ ነው። ዋናው መንገድ ላይ መጠጥ ቤቶቹ ሙዚቃ እየተፎካከሩ ይከፍታሉ፤ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላም ቶሎ አያቆሙም። ለማደር ከዋናው መንገድ ይልቅ ራምቡትሪ የሚባለውን የጎን መንገድ፣ በተለይ ወደ ወንዙ ዳር፣ ወደ ፕራ አቲት መንገድ ያለውን ክፍል ምረጡ። ዛፍ አለው፣ ይረጋጋል፣ ወደ ግርግሩ ለመሄድ ስትፈልጉ ደግሞ ከአምስት ደቂቃ በላይ አትራመዱም። እኔ ዋናው መንገድ ላይ ለሚያድር ጥንድ አንድ ምክንያት ብቻ ይታየኛል፤ ሚያዝያ 5 አካባቢ በሚጀምረው በሶንግክራን፣ በታይላንድ አዲስ ዓመት በዓል ውኃ ለመራጨት የሚሄድ ከሆነ ነው። ያኔ መንገዱ በሙሉ ውኃ ነው፤ እንቅልፍም የሚያስታውስ የለም።

ሌላው ችግር ባቡር ነው። በሩ ላይ የሚቆም ባቡር የለም። ቅርቡ የኤምአርቲ (የከተማው ሜትሮ ባቡር) ጣቢያ ሳም ዮት ሲሆን በዚያ ሙቀት በእግር ይርቃል። ማካካሻው ጀልባ ነው። ከፕራ አቲት መሳፈሪያ በቻኦ ፕራያ ወንዝ ላይ የሚመላለሰው ብርቱካናማ ባንዲራ ያለው ጀልባ ከ20 ባት በታች ነው፤ የመኪና መጨናነቅ አያውቀውም። ከሱዋናፑም አየር ማረፊያ ደግሞ ኤስ1 የተባለው አውቶቡስ በ60 ባት ቀጥታ ወደ ካኦ ሳን ይመጣል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በቤተ መንግሥቱ አካባቢ «ዛሬ ዝግ ነው» ብሎ በቱክቱክ (በባጃጅ) ሌላ ቦታ ላዙራችሁ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ዝም ብላችሁ እለፉ። የሚወስዳችሁ ጌጣጌጥ ወይም ልብስ ሰፊ ቤት ነው፤ ኮሚሽን ያገኛል። መግቢያው ለአንድ ሰው 500 ባት ነው። ለሁለት 1,000 ባት ሆነ፤ የማደሪያ ዋጋ ማለት ነው። ስለዚህ ያን ቀን ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ለብሳችሁ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ጠዋት ሂዱ።

ያኦዋራት

የቻይናውያን ሰፈር ነው። ምርጫችሁን ለእኔ ብትተዉልኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ባንኮክን የሚያዩ ጥንዶችን እዚህ አሳድራለሁ። ምክንያቱ ባቡሩ ነው። በ2019 (እ.ኤ.አ.) የተከፈተው የዋት ማንግኮን ኤምአርቲ ጣቢያ ሰፈሩ መሃል ላይ ነው። ከዚያ ሁለት ጣቢያ ተጉዛችሁ ሳናም ቻይ ስትወርዱ ዋት ፖ በእግር ይደረሳል። በሌላው አቅጣጫ ደግሞ በዚያው ባቡር ሳትቀይሩ ናና ያለችበት ሱኩምቪት መንገድ ትደርሳላችሁ።

ማታ ማታ መንገዱ ዳር ምግብ ይደረደራል፤ የባሕር ምግብ፣ ኑድል፣ የተጠበሰ ዳክዬ። ሰው ተሰልፎ የሚጠብቅበት ምድጃ ካያችሁ እናንተም ተሰለፉ። ሁለት መሆን እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ አንዱ ወንበር ይይዛል፣ ሌላው ያዝዛል፣ ከየዓይነቱም ትቀማመሳላችሁ። አሮጌዎቹ ፎቅና ሱቅ ቤቶች ወደ ትንንሽ ሆስቴልና ሆቴል ተቀይረዋል። ዋጋቸው ከራምቡትሪ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ግን ለትራንስፖርት የምታወጡት ይቀንሳል። ደረጃው ጠባብና ቀጥ ያለ በመሆኑ ሊፍት መኖር አለመኖሩን ጠይቁ።

ለጾመኛም የሚሻለው ይህ ሰፈር ነው። ታይላንድ ውስጥ «ሥጋ የለበትም» የተባለ ምግብ እንኳ ብዙ ጊዜ የዓሣ ሶስ አለበት፤ እንቁላልም ጣል ይደረግበታል። ቢጫ መደብ ላይ በቀይ የተጻፈ «ጄ» የሚል ምልክት ያለበት ቤት ግን ሥጋም፣ ዓሣም፣ እንቁላልም፣ ወተትም አይገባበትም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም ስለማይጨመር የኛ ሰው አፍ ላይ አልጫ ሊሆን ይችላል። ሚጥሚጣ ያዙ።

ናና

ሱኩምቪት መንገድ ላይ ነው። ከአየር ማረፊያው ባቡር ፓያ ታይ ጣቢያ ወርዳችሁ ቢቲኤስ የሚባለውን በድልድይ ላይ የሚሄድ የከተማ ባቡር ትይዛላችሁ፤ ከዚያ ሳትቀይሩ ናና ናችሁ። ሶይ (የጎን መንገድ) 3 አካባቢ የአረብ ምግብ ቤቶች በሽ በሽ ናቸው፤ እንጀራም ይገኛል። ከአገር ቤት ለሕክምና የሚመጡ ብዙ ወገኖች የሚያውቁት ባምሩንግራድ ሆስፒታልም እዚያው ነው። ታማሚ ቤተሰብ ለመጠየቅ ወይም ዕቃ ለመግዛት የምትሄዱ ከሆነ ክርክር የለም፤ ናና እደሩ።

ለጉብኝት ብቻ ከሆነ ግን አልመክረውም። ክፍሎቹ በተመሳሳይ ጥራት ይወደዳሉ፣ አሮጌው ከተማ ይርቃል፣ ከመንገዱ ማዶ ሶይ 4 ላይ ያለው የምሽት ንግድ ደግሞ ለሁሉም ጥንድ የሚመች አይደለም። ናና የምትጠቅመው ለመጨረሻው ሌሊት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሱዋናፑም ቀጥታ ወደ ቦሌ ስለሚበር ሻንጣ ይዛችሁ በባቡር ለመውጣት ትቀላለች። ባቡሩ እኩለ ሌሊት ላይ እንደሚቆም ግን አትርሱ፤ በረራችሁ ሌሊት ከሆነ በጊዜ ውጡ ወይም ሜትር የሚያበራ ታክሲ ያዙ፤ ሜትሩ ከ35 ባት ነው የሚጀምረው።

የትኛውንም ሰፈር ብትመርጡ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ክፍሉ መስኮት እንዳለው አረጋግጡ። ባንኮክ ውስጥ ብዙዎቹ ርካሽ ክፍሎች መስኮት የላቸውም፤ ማስታወቂያው ላይም ይህ የሚጻፈው ከታች፣ በደቃቅ ፊደል ነው።