የሆንዳ ሞተር በማዝዳ ደረት ውስጥ፦ ከ14 ወር በኋላ

መኪናዋ የመጀመሪያው ትውልድ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ናት፤ ብዙ ሰው ሚያታ ይላታል። ሁለት ወንበር፣ በእጅ የሚታጠፍ ሸራ፣ ከኮፈኑ ውስጥ ብቅ የሚል የፊት መብራት። ከፋብሪካ የወጣችው በ1.6 ሊትር ሞተር ነው። ዛሬ ኮፈኑን ብትከፍቱ ግን የምታገኙት የሆንዳን ኬ24 ነው። 2.4 ሊትር፣ አራት ሲሊንደር፣ በራሱ መኪና ላይ 200 ፈረስ ጉልበት የሚሰጥ። ከገባ 14 ወር ሆነው። 11,000 ኪሎ ሜትር ነድቼበታለሁ። ስለ እንዲህ ዓይነት ቅያሬ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በመጀመሪያው ሳምንት፣ ደስታው ሳይበርድ ነው። እኔ እስኪበርድ ጠበቅኩ።

ነገሩ የጀመረው በጭስ ነው። የድሮው ሞተር ዘይት መብላት ጀመረ። ጠዋት ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ይተፋል። ወይ ማሳደስ ነበረብኝ፣ ወይ መቀየር። የ1.6 ሞተሩ ጉልበት 115 ፈረስ አካባቢ ነው። ለዚህች መኪና አይበቃም ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ክብደቷ ከአንድ ቶን በታች ስለሆነ ቀስ ብላችሁ ብትነዷትም ደስ ታሰኛለች። ግን ዳገት ሲመጣ፣ ሰውም ከጎኔ ሲቀመጥ፣ ማርሽ ስቀንስ መዋል ሰልችቶኝ ነበር። መሪው፣ ማርሹ፣ አጠማዘዟ ሁሉ እንዳለ ሆኖ ከስር የሚገፋ ነገር ፈለግኩ።

አማራጮቹን ሳይ ብዙ ቆየሁ። መጀመሪያ ሰው ሁሉ የሚያነሳው ቪ8 ነው፤ ስምንት ሲሊንደር በቪ ቅርጽ የተደረደሩበት ሞተር። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1962 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው የውድድር መኪና ሰው ካሮል ሼልቢ ኤሲ ኤስ የምትባለውን ቀላል የእንግሊዝ መኪና ወስዶ የፎርድ ቪ8 አስገባባትና ኮብራ ተወለደች። በ1964 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሰንቢም ታይገር ተከተለች፤ የሰንቢም አልፓይን አካል፣ የፎርድ ቪ8 ሞተር። ስለ ታይገር ከአእምሮዬ የማይወጣ አንድ ነገር አለ። ቦታው ከመጥበቡ የተነሳ አንዱ ካንዴላ የሚፈታው ከመኪናዋ ውስጥ በኩል፣ በሞተሩና በመቀመጫው ክፍል መካከል ባለው ግድግዳ ላይ በተተወ ቀዳዳ ነው። ትልቅ ሞተር በትንሽ መኪና ውስጥ ምን እንደሚያስከትል ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

ዛሬ ሚያታ ውስጥ ቪ8 የሚያስገቡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የጀነራል ሞተርስን ኤልኤስ ይመርጣሉ። አልሙኒየም የሆነው 5.7 ሊትር ለጉልበቱ ሲታይ ከባድ አይባልም። ሆኖም ካምቢዮው፣ ዲፈረንሻሉ፣ የኋላ አክስሉ፣ ሁሉም አብሮ ይቀየራል። መኪናዋ ስትጨርሱ ሌላ መኪና ሆናለች። ሌላ መኪና የፈለገ ያድርገው፤ እኔ የራሴን ነበር የፈለግኩት።

የማዝዳ የራሱ ሮታሪ፣ 13ቢ የሚባለው፣ ልቤን ነክቶት ነበር። 1308 ሲሲ ብቻ፣ ትንሽዬ፣ በፒስተን ፈንታ ውስጡ የሚሽከረከር ክፍል ያለው፣ ዙሩ እንደ ሐር ለስላሳ። ችግሩ ከታች ጉልበት የለውም። ጉልበቱን ለማግኘት ሁሌ ከፍ ባለ ዙር መጫወት አለባችሁ። ቤንዚንም ይጠጣል፣ ዘይትም በተፈጥሮው ያቃጥላል። እኔ ደግሞ የሸሸሁት ከዚሁ ነበር። አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ቱርቦ መግጠምም ነበር፤ ግን ዘይት በሚበላ ሞተር ላይ ቱርቦ መግጠም የፈረሰ ግድግዳ ላይ ቀለም መቀባት ነው።

ኬ24ን ያስመረጠኝ ክብደቱ ነው። የድሮው ሞተር ብሎኩ ብረት ነው፤ የሆንዳው አልሙኒየም። ስለዚህ ሊትሩ በግማሽ ቢጨምርም አፍንጫዋ ላይ የሚያርፈው ሸክም ከድሮው ብዙም አይርቅም። የማዝዳ መሐንዲሶች ሚዛኗን ለመጠበቅ ባትሪውን ሳይቀር ሻንጣ ማስቀመጫው ውስጥ ነው ያደረጉት። እነሱ በኪሎ ሲቆጥቡ የኖሩትን እኔ በአንድ ቀን ላበላሸው አልፈለግኩም።

ታዲያ ምን ተለወጠ? የመጎተት ጉልበቱ። የድሮው 135 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነበር፤ የአሁኑ 225 ገደማ ነው። በወረቀት ቁጥር ነው፣ በመንገድ ላይ ግን ሌላ ነገር ነው። የማውቀው አንድ ጠመዝማዛ ዳገት አለ። በድሮው ሞተር ኩርባው ላይ ሁለተኛ ማርሽ አስገባለሁ፣ እስከ ጥግ አስጮኸዋለሁ፣ እንደገና ሦስተኛ። አሁን ሦስተኛ ላይ እንዳለሁ እገባለሁ፤ መሃሉ ላይ ነዳጅ እረግጣለሁ፤ ኋላዋ ትንሽ ቁጢጥ ትልና ትወጣለች። እጄ መሪው ላይ እንዳለ ነው። አፍንጫዋ እንደ ድሮው ወዳሰብኩበት ትገባለች። ይህን ኩርባ ከቅያሬው በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ስዞር ትንፋሼን ይዤ ነበር፤ ሚዛኗ አለመነካቱን ሳውቅ ነው የተነፈስኩት።

ከዚያ በላይ ደግሞ ቪቴክ የሚባለው የሆንዳ ዘዴ አለ። 6000 ዙር አካባቢ ቫልቮቹን የሚከፍተው የካም ቅርጽ ይቀየራል። ድምፁ ከጉሮሮ ወደ ጩኸት ይሄዳል። ደስ ይላል። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከወራት በኋላ በየቀኑ የምጠቀመው ከ2500 እስከ 5000 ያለውን ነው። ይህን ሞተር የወደድኩት እዚያ መሃል ላይ ነው።

ማርሹ እንደ ድሮው መሆኑ ትልቅ ዕድል ነው። ሆንዳው በራሱ መኪና ላይ በጎን ስለሚቀመጥ ማርሹ የሚንቀሳቀሰው በገመድ ነው። እዚህ ግን ሞተሩ በቁመት ዞሮ በማገናኛ ሳህን ከማዝዳ ካምቢዮ ጋር ተያይዟል። የማርሽ ዘንጉ በቀጥታ ካምቢዮው ላይ ቆሟል፤ አጭሩና ቁርጥ ያለው ስሜት አለ። ካምቢዮውን ከሁለተኛው ትውልድ መኪና ባለ ስድስት ማርሹን ወስጃለሁ። ዲፈረንሻሉም ከዚያው ነው። የ1.6ቷ የመጀመሪያ ዲፈረንሻል ትንሽ ስለሆነ ይህን ጉልበት አይችልም፤ ማንም እንዲያስቀረው አልመክርም። የዲፈረንሻሉ የጥርስ ምጣኔም ከ4.3 ወደ 3.9 ስለወረደ ረጅም መንገድ ላይ ሞተሩ አይጨነቅም።

አሁን ወደ ሕመሙ። የመጀመሪያው ንዝረት ነው። ኬ24 ከፋብሪካው ሲወጣ ከዘይት ፓምፑ ጋር የተያያዙ የማመጣጠኛ ዘንጎች አሉት። ትልልቅ አራት ሲሊንደሮች በተፈጥሯቸው ይንቀጠቀጣሉ፤ ዘንጎቹ ያንን ያጠፋሉ። ለሚያታ ሲዘጋጅ ግን ብዙዎች እነሱን አውጥተው የሌላውን የሆንዳ ሞተር፣ የኬ20ን፣ ቀለል ያለ የዘይት ፓምፕ ይገጥማሉ፤ ቦታም ይቆጥባል፣ ለከፍተኛ ዙርም ይመቻል። የእኔም እንዲሁ ነው የተሠራው። ሚኒሞ ላይ ቆሜ የውስጥ መስታወቱን ሳይ ከኋላዬ ያለችው መኪና ሁለት ሆና ትታየኛለች። 3800 ዙር ላይ ደግሞ የበሩ ኪስ ውስጥ ያለ ሳንቲም ይዘፍናል። 4200 ስደርስ ይጠፋል። የሞተሩ መያዣ ጎሚኒዎች ጠንካራ መሆናቸው ጨምሮበታል። ለአንድ ሰዓት ምንም አይደለም። አራት ሰዓት ነድቼ ስወርድ ግን መዳፌ ይነዝራል።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። ከኮፈኑ ስር ባዶ ቦታ የሚባል ነገር የለም። በሦስተኛው ወር መንገድ ላይ እያለሁ ጣፋጭ ሽታ ሸተተኝ፤ የራዲያተር ፈሳሽ ሲያፈስ የሚሸተውን። የሙቀት ጌጁ ገና አልተነሳም። ወዲያው ቆምኩ። የማሞቂያው ጎማ ቱቦ አንድ ብረት ላይ እየተፈተገ ቀጥኖ፣ እንደ መርፌ በሳሳ ቀዳዳ እየረጨ ነበር። የገጠመው ባለሙያ ቱቦውን ሳያስር ነው የተወው። ቀላል ጥገና ነው፤ ግን ሳላስተውል ብቀጥል ቴስታታው ይሄድ ነበር። ከዚያ በኋላ ቱቦና ሽቦ ሁሉ በእጄ እየዳሰስኩ በየቦታው አስሬያለሁ። ሞተሩን ያስገባላችሁ ማንም ይሁን ማን፣ በመጀመሪያው ወር ይህን ራሳችሁ አድርጉት።

ሌላው በአጭሩ። የመሪ አጋዥ ፓምፑ ቀርቷል፤ ስትንቀሳቀስ መሪው የበለጠ ያወራኛል፣ ስታቆሙ ግን ክንድ ይፈልጋል። ፍሪሲዮኑ ከድሮው ይከብዳል። ቤንዚን ድሮ በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ገደማ ነበር፤ አሁን 9.5 ነው፣ አልከፋኝም። ዘይት በሁለት ቅያሬ መካከል አንድም ጊዜ አልጨመርኩም። የዘይት ግፊት ጌጁ እንዲሠራ ግን ተጨንቄበታለሁ። በቀደሙት ሚያታዎች ይህ ጌጅ እውነተኛ ነው፤ ከ1995 እ.ኤ.አ. ወዲህ ባሉት ግን ግፊት አለ ወይም የለም ከማለት አያልፍም። የእኔ እውነተኛው ነው፤ ቀስቱ በሆንዳ ሞተር ትንፋሽ ሲወጣና ሲወርድ ማየት ልቤን ያሳርፈዋል።

ላድርገው ወይ ብሎ ለሚጠይቀኝ መልሴ በሞተሩ ጤና ላይ ነው የሚቆመው። የድሮው ሞተራችሁ ደህና ከሆነ አትንኩት። ጥሩ ጎማ፣ ጥሩ ፍሬንና ጥሩ ሾክ አብዛኛውን ደስታ ይሰጣችኋል። ሞተሩ ካለቀ ግን፣ ለማሳደስ ከተዘጋጃችሁ፣ ይህን ቅያሬ በደንብ አስቡበት። ዋናው ወጪ ሞተሩ አይደለም፤ የዘይት ኮፓው፣ የፊት ተሸካሚ ብረቱ፣ ኮምፒውተሩ፣ ሽቦውና ጭስ ማውጫው ነው። የሞተር ቁጥር መቀየር በምትኖሩበት አገር ምን እንደሚጠይቅም ቀድማችሁ አጣሩ።

እኔ ድጋሚ ብጀምር ይህንኑ ሞተር አስገባለሁ፤ ጎሚኒውን ግን ከመጀመሪያው ለስላሳውን እመርጣለሁ። ለስላሳዎቹን አሁን አግኝቻለሁ፤ ከጠንካራዎቹ ጎን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል። በሚቀጥለው ዘይት ቅያሬ እገጥማቸዋለሁ። ሳንቲሙን ከበሩ ኪስ አላወጣሁትም፤ 3800 ላይ ዝም ካለ ሠርቷል ማለት ነው።