«የ30 ቀን ምግብ» የተባለው ባልዲና የዶሮው ቆርቆሮ፦ ከወራት በኋላ

ለአደጋ ጊዜ ብዬ የገዛሁት የደረቅ ምግብ ባልዲ ፊት ላይ በትልልቅ ፊደላት «120 ሰርቪንግ፤ ለአንድ ሰው የ30 ቀን ምግብ» ይላል፤ ሰርቪንግ የሚሉት ለአንድ ጊዜ የሚቀርበውን መጠን ነው። ከጀርባው በደቃቁ የተጻፈው የካሎሪ ድምር ደግሞ 27,000 ነው። ይህ ለ30 ቀን ሲካፈል ለቀን የሚደርሰው 900 ካሎሪ ብቻ ሲሆን፣ የአሜሪካ የምግብ መለያ ጽሑፎች ለአዋቂ ሰው በጥቅሉ የሚይዙት መነሻ 2,000 ነው። በዚህ ስሌት የወር ቀለብ የተባለው ነገር ለአንድ ሰው 14 ቀን እንኳ አይሞላም። ሻጩ «በአደጋ ጊዜ ሰው ብዙ አይበላም» ብሎ ይከራከረኝ ይሆናል። ከማዕበል በኋላ የወደቀ ቅርንጫፍ ሲጎትትና የውኃ ጋሎን ሲሸከም የዋለ ሰው ስንት እንደሚበላ ያየ አይመስለኝም። ይባስ ብሎ ከ120ው ሰርቪንግ ውስጥ ቀላል የማይባለው የብርቱካን ጣዕም ያለው የስኳር ዱቄትና የወተት ዱቄት ነው። በጥብጦ የሚጠጣ ነገር ሁሉ ምሳና እራት ተብሎ ተቆጥሯል።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ፍሪዝ ድራይድ የሚለውን ስም ይመለከታል። ፍሪዝ ድራይድ የሚባለው ምግብ መጀመሪያ በኃይለኛ ቅዝቃዜ በረዶ እንዲሆን ይደረጋል፤ ከዚያም አየሩ በተመጠጠ ክፍል ውስጥ በረዶው ወደ ፈሳሽነት ሳይመለስ በቀጥታ ተንኖ ይወጣል። ምግቡ ቅርጹን እንደያዘ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይቀሩበታልና ውኃ ሲያገኝ ፈጥኖ ይመለሳል። በእኔ ባልዲ ውስጥ በዚህ መንገድ የደረቀው ጥቂት አትክልት ብቻ ነው። ሌላው በተለመደው መንገድ በሙቀት የደረቀ ሩዝ፣ ፓስታና የድንች ዱቄት ስለሆነ በፈላ ውኃ ከሩብ ሰዓት በላይ እሳት ላይ መቀመጥ ይፈልጋል። ውኃና እሳት እንደ ልብ የሚገኝ ቢሆን ኖሮ ባልዲውን ለምን እገዛው ነበር?

ሁሉም ነገር የታየው ሃሪኬን ቤሪል የተባለው ማዕበል ጁላይ 8 ቀን 2024 የምንኖርባትን የቴክሳስ ከተማ ሂውስተንን በመታ ጊዜ ነው። ከ2 ሚሊዮን በላይ የመብራት ደንበኞች ጨለማ ውስጥ ገቡ፤ የእኛም ሰፈር ለቀናት መብራት አላገኘም። ዕለቱ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 1 ቀን 2016 ነበርና የሰኔ ጾም ገና አልተፈታም፤ እናቴ ደግሞ ይህን ጾም ታማም እንኳ አትሽረውም። የየከረጢቱን ጀርባ በባትሪ ብርሃን ሳነብላት ፓስታው ወተት አለበት፣ ድንቹ ቅቤ አለበት፣ ሾርባው የዶሮ መረቅ አለበት። በመጨረሻ ለእሷ የተረፈው ነጭ ሩዝና ባቄላ ብቻ ሆነ። «ይኼ ሁሉ ብር ለሩዝ ነው?» አለችኝና እሳት ሳያስፈልጋት በሶዋን በጨው በጥብጣ ጠጣች። በአገራችን ሰው ቤት ጿሚ መኖሩን ለሻጩ ማን ይንገረው! ስለዚህ የምትገዙ ሰዎች፣ ከጣዕሙ በፊት የወተትና የቅቤውን ነገር አንብቡ።

«25 ዓመት ይቆያል» የሚለውም ቢሆን ቀዝቃዛ፣ ደረቅና ጨለማ ቦታ ለሚያስቀምጠው ሰው የተጻፈ ነው። ከመሬት በታች የተሠራ ምድር ቤት ላለው ሰው ይህ ቀላል ይሆናል፤ የሂውስተን ቤቶች ግን አብዛኞቹ ምድር ቤት የላቸውም፣ ጋራዡም በበጋ እንደ ምድጃ ይግላል። ሙቀት በጨመረ ቁጥር ቅባቱ ይበላሻል፣ ቫይታሚኑም ይቀንሳል። እኔ የማስቀምጠው መኝታ ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ፣ የውጭ ግድግዳ በማይነካው በኩል ነው።

የገረመኝ ለብቻው የገዛሁት የዶሮ ቆርቆሮ ነው። ይህ በእርግጥም ፍሪዝ ድራይድ ነው። ቁራጩ ከቆርቆሮው ሲወጣ እንደ ፈንዲሻ ይቀልላል፤ ሞቅ ያለ ውኃ ሲፈስበት ግን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሥጋው ጭረት ሳይቀር ይመለሳል። ጾሙ ከተፈታ በኋላ ወጥ ሠራሁበት። ሽንኩርቱና በርበሬው በደንብ ከተቁላላ በኋላ መጨረሻ ላይ መጨመር ነው፤ ቀድሞ ከገባ ይበጣጠሳል። እናቴ ከሱቅ የመጣ ትኩስ ዶሮ መስሏት ነበር። አንድ ጉዳይ አለው፦ ቆርቆሮው አንዴ ከተከፈተ የሂውስተን አየር እርጥበቱን ያስገባበትና ቁራጩ ይልፈሰፈሳል። እኔ በተከፈተበት ዕለት ክዳናቸው በሚጠብቅ የብርጭቆ ማሰሮዎች እከፋፍለዋለሁ፤ በየማሰሮውም አዲስ የኦክስጅን መምጠጫ ከረጢት እጨምራለሁ። በከረጢቱ ውስጥ ያለው የብረት ብናኝ የቀረውን ኦክስጅን ይዞ ያስቀረዋል።

ዋጋው ውድ ነው ለሚለኝ፣ አዎ ውድ ነው፤ ነገር ግን የሚሸጠው ሥጋ እንጂ የተቆጠረ የስኳር ዱቄት አይደለም። ከሚቀጥለው የማዕበል ወቅት በፊት ሁለት የዶሮና አንድ የአተር ቆርቆሮ እጨምራለሁ። ለአንድ ሰው በቀን አንድ ጋሎን፣ ማለትም ወደ 3.8 ሊትር ገደማ ውኃ መያዝ ስለሚመከር፣ ለባልዲ የማወጣው ገንዘብ ወደ ውኃው ይሄዳል። ባልዲውን በግማሽ ዋጋ ቢሰጡኝም አልወስደውም።