የገጠር ካውንቲ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ዓመታዊ መግለጫ ለወላጅ ምን ያህል ይጠቅማል?

እ.ኤ.አ. በ2015 የጸደቀው የአሜሪካ ፌዴራል የትምህርት ሕግ እያንዳንዱ ግዛት ስለ መንግሥት ትምህርት ቤቶቹ ዓመታዊ የውጤት መግለጫ እንዲያወጣ ያስገድዳል። መግለጫው ያለ ክፍያ ስለሚገኝ፣ ልጁን በገጠር ካውንቲ (በግዛት ሥር ባለ የአስተዳደር ክፍል) ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለሚያስመዘግብ ወላጅ ከሰሚ ሰሚ ወሬ እጅግ የተሻለ መነሻ ነው። ሆኖም አሠራሩ ይበልጥ የሚስማማው ብዙ ተማሪ ላላቸው ትምህርት ቤቶች በመሆኑ፣ ስለ ትንሹ የገጠር ትምህርት ቤት የሚሰጠው ሥዕል በጥንቃቄ መነበብ አለበት።

አብዛኛው ወላጅ ቀድሞ የሚያየው የምረቃ መጠኑን ነው። ስሌቱ ጥብቅ ነው፤ ዘጠነኛ ክፍልን አብረው ከጀመሩት መካከል በአራት ዓመት ውስጥ መደበኛ ዲፕሎማ የተቀበሉት ብቻ ይቆጠራሉ፤ ትምህርቱን ሳይጨርስ ከዲፕሎማ ጋር አቻ በሚባል ፈተና የምስክር ወረቀት ያገኘ ልጅ እንደ ተመራቂ አይወሰድም፤ ተዛውሯል የተባለ ተማሪም የጽሑፍ ማስረጃ ካልቀረበለት ከስሌቱ አይወጣም። ትምህርቱን ያቋረጠ ልጅ ሳይታወቅ ከመዝገብ እንዳይጠፋ ስለሚያደርግ ይህን ጥብቅነት ከልብ እደግፋለሁ። ነገር ግን 20 ተማሪዎች ብቻ ባሉበት የክፍል ደረጃ አንድ ልጅ 5 በመቶ ነው። መጠኑ ከ95 ወደ 85 በመቶ ቢወርድ የሁለት ልጆች ጉዳይ እንጂ የትምህርት ቤቱ ውድቀት ላይሆን ይችላል። ስለዚህ የአንድ ዓመቱን አኃዝ ብቻ ይዞ ከመፍረድ የጥቂት ዓመታቱን አንድ ላይ ማየት ይገባል።

ከዚህ የሚከፋው የሚደበቀው ነው። የተማሪዎችን ማንነት ለመጠበቅ ሲባል፣ ቁጥራቸው ግዛቱ ከወሰነው ዝቅተኛ መጠን በታች የሆነ ቡድን ውጤቱ አይገለጽም። ምክንያቱ ተገቢ ነው። ውጤቱ ግን፣ በገጠር ካውንቲ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛን ገና በመማር ላይ ያሉ ጥቂት ልጆች ካሉ፣ እንዴት እየተማሩ እንደሆነ ወላጆቻቸው ከመግለጫው ሊያውቁ አለመቻላቸው ነው። እንዲህ ያለው ወላጅ ባዶውን ሣጥን አይቶ ከመተው ትምህርት ቤቱን በአካል ሄዶ መጠየቅ ይኖርበታል።

ለእኔ የመግለጫው ትልቁ ዋጋ ብዙዎች ሳያዩት የሚያልፉት የመምህራን ክፍል ነው። ምን ያህሉ ጀማሪ እንደሆኑ፣ ምን ያህሉ በጊዜያዊ ፈቃድ እንደሚያስተምሩ፣ ምን ያህሉ ባልሠለጠኑበት ትምህርት ላይ እንደተመደቡ ይነግራል። የገጠር ትምህርት ቤት መምህር ለማግኘትና ለማቆየት ስለሚቸገር፣ አንዱ መምህር ፊዚክስንም ኬሚስትሪንም ሒሳብንም ደርቦ ሊይዝ ይችላል፤ የፈተና ውጤቱ ዝቅ ያለበትን ምክንያትም ብዙ ጊዜ የምንረዳው ከዚህ ነው። በኮሌጅ ደረጃ የሚሰጡ ትምህርቶችን ስንት ተማሪ እንደሚወስድ የሚያሳየውም አኃዝ አብሮ መታየት አለበት፤ ጎበዝ ልጅ ያልተከፈተ ትምህርት ሊመዘገብ አይችልምና። ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች ልጆች የሚሰጠውን የፌዴራል ድጎማ (Title I) በሚቀበል ትምህርት ቤት ደግሞ ወላጅ ስለ ልጁ መምህር ብቃት የመጠየቅ ሕጋዊ መብት አለው።

ለአንድ ተማሪ የወጣው ገንዘብም ተጽፏል፤ ረጅም የአውቶቡስ መስመር ያለበት ካውንቲ ወጪው ከፍ ስላለ ብቻ የተሻለ ያስተምራል ማለት አይደለም።

ሕጉ መግለጫው በተቻለ መጠን ወላጆች በሚረዱት ቋንቋ እንዲቀርብም ያዛል። አማርኛ ተናጋሪ ወላጅ ይህን ይዞ የትምህርት ቤቱን ጽሕፈት ቤት አስተርጓሚ ቢጠይቅ፣ ከአኃዞቹ በስተጀርባ ያለውን ከሚያውቁት ሰዎች በቀጥታ ይሰማል።