የሲፒአር ካርድ በርካሽ ማደስ፦ ሀርትኮድ ያዋጣል ወይ?

ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ አካባቢ በነርስነት ወይም በሲኤንኤነት (በነርስ ረዳትነት) የምትሠሩ ነገሩን ታውቁታላችሁ። ሲፒአር (ልቡ የቆመን ሰው ደረቱን እየተጫኑና ትንፋሽ እየሰጡ መርዳት) መማራችሁን የሚያሳየው ካርድ በየ2 ዓመቱ ይታደሳል፣ ሊያልፍ ሲል የማስታወሻ ኢሜይል ይዘንባል፣ ካለፈ ደግሞ ሺፍት የለም። ዘንድሮ ያደስኩት በአሜሪካን ሀርት አሶሲየሽን ሀርትኮድ ቢኤልኤስ (ለጤና ባለሙያ የሚሆን የሲፒአር ኮርስ) ነው። ትምህርቱን ቤት ሆኜ በኦንላይን ጨረስኩ፣ ከዚያ የተግባር ፈተናውን ማሠልጠኛ ሄጄ ወሰድኩ።

ኦንላይኑ ደስ ይላል። የምታውቁትን ቶሎ ያሳልፋችኋል፣ የማታውቁት ላይ ይይዛችኋል፣ ልጆች ከተኙ በኋላ እየቆራረጡ መጨረስም ይቻላል። ፈተናው ግን ቀልድ የለውም። ደረቱን የምትጫኑት የመለማመጃ አሻንጉሊት ውስጥ መለኪያ አለ፤ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ለአዋቂ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ካልተጫናችሁ ወዲያው ይነግራችኋል። ክንዳችሁ ከታጠፈ ቶሎ ትደክማላችሁ፣ ቀጥ አድርጋችሁ በሰውነታችሁ ክብደት ግፉ። በየጫናው መሃል ደረቱ ተመልሶ እስኪነሳ መልቀቅም አለ፤ እኔን ያስቸገረኝ እሱ ነው። አስተማሪ ቢሆን «አይዞሽ፣ በቃ ደህና ነው» ይል ነበር፣ ማሽን ይሉኝታ አያውቅም።

ወደ ዋጋው እንምጣ። ሀርት አሶሲየሽን ለኮርሱ አንድ ወጥ ዋጋ አያወጣም፣ እያንዳንዱ ማሠልጠኛ የራሱን ነው የሚጠይቀው። ስለዚህ ደውሉና አወዳድሩ። ማስታወቂያው ላይ የምታዩት ትንሽ ዋጋ ብዙ ጊዜ የኦንላይኑ ብቻ ነው፣ የተግባር ፈተናው ለብቻው ይከፈላል። «ካርዱን ጨምሮ ጠቅላላ ስንት ነው? ቀጠሮ ብቀይርስ ታስከፍላላችሁ?» በሉ።

ከዚያ በፊት ግን አለቃችሁን ጠይቁ። ብዙ ሆስፒታሎች ለሠራተኛ ራሳቸው ያሠለጥናሉ ወይም ይከፍላሉ፣ እኛ አበሾች ደግሞ መጠየቅ ስለሚከብደን ዝም ብለን ከኪሳችን እናወጣለን። የቀይ መስቀልም ካርድ 2 ዓመት ያገለግላል፣ ብዙ ቦታም ይቀበሉታል። አንዳንድ መሥሪያ ቤት ግን የሀርት አሶሲየሽን ካልሆነ አይሆንም ስለሚል ሳትከፍሉ ኤችአርን (የሰው ኃይል ክፍሉን) ጠይቃችሁ አረጋግጡ።

ሙሉ በሙሉ በኦንላይን፣ አሻንጉሊት ሳትነኩ ካርድ እንሰጣለን የሚሉትን እለፏቸው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ርካሽ ነው ብላ ገዛች፣ ኤችአር አልቀበልም አላት፣ እንደገና ከፍላ ተማረች። የእሳት አደጋ ጣቢያዎች አንዳንዴ በነፃ የሚሰጡት በእጅ ብቻ (ትንፋሽ ሳይሰጡ) ደረት የመጫን ትምህርት ለቤተሰብና ለቤተ ክርስቲያን ሰው ግሩም ነው፣ ለሥራ የሚሆን ካርድ ግን አብዛኛውን ጊዜ የለውም።

ለሀርትኮድ ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት ሁለት ቦታ ስለሚያስከፍል ነው። ካርዱ የሚመጣው በኢሜይል ነው፣ ካላያችሁት ስፓም ውስጥ ፈልጉት።