የቀበናው መኖ ሱቅ በክረምት

በግቢያችን ጥቂት የወተት ላሞችና ዶሮዎች ለምናረባ ቤተሰቦች፣ በክረምት ከጭቃውና ከብርዱ ይልቅ የሚያሳስበን የመኖው ነገር ነው። ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው አነስተኛ የመኖ መሸጫ ይህን ጭንቀት በእጅጉ አቅልሎልናል። ፉርሽካውና የኑግ ፋጉሎው ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳው ራቅ ብሎ ይደረደራል፤ ባለቤቱም ከማዳበሪያው አፍ ሳይሆን ከመሃሉ እፍኝ አውጥተው እንድናሸትተው ይሰጡናል። ይህ ትልቅ ጥንቃቄ ነው፤ ምክንያቱም በሻገተ ፋጉሎ ላይ የሚፈጠረው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ላሟ ከበላችው በኋላ መልኩን ለውጦ ወደ ወተቷ ይገባል፣ ወተቱን ማፍላትም አያስወግደውም። ከእኛ ወተት የሚወስዱት ደግሞ በአብዛኛው ሕፃናት ያሏቸው ጎረቤቶች ናቸው።

ድርቆሹ ግን እንደ ፉርሽካው አያስመካም። በነሐሴ የገዛነው አንድ እስር ከውጭ ደረቅ መስሎ መሃሉ ሞቆና ጠቁሮ ስለተገኘ፣ ላሞቹ አሽትተው ተዉት። ባለቤቱ ሳያንገራግሩ ቀየሩልን፤ ቢሆንም ከመሸጣቸው በፊት እስሩን ፈትተው ቢያሳዩ ይሻላል። ዋጋቸው ከመርካቶ ጥቂት ከፍ ይላል፤ በዝናብ ለማጓጓዝ ከሚወጣው ወጪ አንጻር ግን ተገቢ ነው። ድርቆሽ በብዛት የሚያስፈልገው ሰው ዝናቡ ሳይጠና፣ በግንቦት እንዲገዛ እመክራለሁ፤ ፉርሽካና ፋጉሎ ግን በክረምቱ አጋማሽም ያለ ስጋት ከዚህ ሱቅ ይገኛል።