ለልጃችን የአስም ነርስ ምስጋና፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው ላላችሁ ወላጆች ጥቆማ

ይህ ምስጋና በዋሽንግተን አካባቢ በሚገኝ የሕፃናት አስም ክትትል ክሊኒክ ለሚሠሩ አንዲት ነርስና እዚያው ለሚያስተረጉሙ አንድ ወንድማችን ነው። ልጃችን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጉንፋን በያዘው ቁጥር ደረቱ ሲር ሲር ይል ነበር፤ አራተኛ ዓመቱን ካለፈ በኋላ ግን ጉንፋን ሳይዘውም ሌሊት ሌሊት ሳል ከእንቅልፉ ይቀሰቅሰው ጀመር። በየድንገተኛ ክፍሉ የሚሰጠው መድኃኒት ለዕለቱ ያሽለዋል፤ ነገር ግን ትንፋሹ ደጋግሞ የሚያጥርበት ምክንያት ምን እንደሆነ ተረጋግቶ የጠየቀን አልነበረም። ጥያቄውን አንሥተው መልሱ እስኪገኝ የተከታተሉት እኚህ ነርስ ስለሆኑ፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ማቅረብ ይገባኛል።

በመጀመሪያ ያደረጉት ነገር ማረጋጋት ነበር። በአሪዞና ግዛት በቱሳን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ ልጆችን ከውልደታቸው አንሥቶ ለረጅም ዓመታት በተከታተለ ጥናት ውስጥ፣ ከሦስት ልጆች የአንዱ ያህል ደረት ሦስት ዓመት ሳይሞላው ሲር ሲር ብሎ እንደነበር፣ ከእነዚህም ከግማሽ የሚበልጡት ስድስት ዓመት ሲሞላቸው ሕመሙ እንደተዋቸው አስረዱን። ስለዚህ ደረቱ ሲር ሲር ያለ ልጅ ሁሉ የአስም ሕመምተኛ ነው ማለት አይደለም። በሌላ በኩል ወላጁ አስም ያለበት፣ ቆዳው ላይ ችፌ የሚወጣበት ወይም በአየር ውስጥ ለሚንሳፈፍ ነገር አለርጂ ያለበት ልጅ፣ ሕመሙ አብሮት የመዝለቅ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። የእኛ ልጅ ክርኑና ጉልበቱ ሥር ችፌ ይወጣበት ስለነበር፣ አባቱም በልጅነቱ አስም ስለነበረበት፣ ክሊኒኩ ወደ አለርጂ ሐኪም መራን።

ምርመራው ወላጅ እንደሚፈራው አይደለም። ክንድ ወይም ጀርባ ላይ የተለያዩ ፈሳሾች በየተራ ጠብ ይደረጉና ቆዳው በትንሹ ጫር ጫር ይደረጋል፤ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ልጁ አለርጂ ባለበት ነገር ሥር ትንኝ የነከሰው የሚመስል እብጠት ይወጣል። እብጠቱ ለማነጻጸሪያ ከተደረገው ጠብታ በ3 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በላይ ከበለጠ ሰውነቱ ለዚያ ነገር ተቆጥቷል ይባላል። ነርሷ አጥብቀው ያስገነዘቡን ግን እብጠቱ ብቻውን ፍርድ እንዳልሆነ ነው፤ ልጁ የት ሲሆን፣ በየትኛው ወቅትና በየትኛው ሰዓት እንደሚታመም ከሚናገረው ታሪክ ጋር መገጣጠም አለበት። የእኛ ልጅ ለድመትም ሆነ በዚህ አካባቢ በሚያዝያ ብዙዎችን ለሚያስቸግረው ለኦክ ዛፍ ብናኝ ምንም አላሳየም። ጎልተው የወጡት በቤት አቧራ ውስጥ የሚኖሩት፣ በዓይን ለማየት የሚያዳግቱት ነፍሳት እና በረሮ ናቸው።

ከዚህ በኋላ ነርሷ ስለ ቤታችን የጠየቁትን ያህል ማንም ሐኪም ጠይቆን አያውቅም፤ ፍራሹ ስንት ዓመቱ ነው፣ ልጁ ከማን ጋር ይተኛል፣ ምንጣፉ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተነጠፈ ነው ወይ፣ የመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ያልበዋል ወይ። የአቧራዎቹ ነፍሳት ከሰውነታችን በሚረግፍ የቆዳ ቅንጣት ይመገባሉ፤ ውኃ ስለማይጠጡ እርጥበትን የሚያገኙት ከአየር ነው፤ ልጁን የሚያሳምመውም በዋናነት ኩሳቸው ነው። በምክራቸው መሠረት ፍራሹንና ትራሱን ዚፕ ባለው፣ አቧራ በማያሳልፍ ሽፋን ሸፈንን፤ አንሶላውን በየሳምንቱ በ55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚሆን ሙቅ ውኃ እናጥባለን፤ የክፍሉን እርጥበት ከ50 በመቶ በታች ለማድረግ እርጥበት መምጠጫ ማሽን ገዛን፤ አሮጌውንም ምንጣፍ ከመኝታ ክፍሉ አወጣን። ከእነዚህ አንዱን ብቻ ማድረግ በቂ ውጤት እንደማያመጣ፣ አለርጂው በምርመራ ላልታየበት ልጅ ደግሞ እንደማይመከር የአገሪቱ እ.ኤ.አ. የ2020 የአስም መመሪያ እንደሚገልጽ ነግረውናል። ሽፋን ገዝተው ለውጥ ያላዩ ብዙ ወላጆችን ስለማውቅ ይህን ማስታወስ ተገቢ መስሎኛል።

የበረሮው ጉዳይ በእኛ አቅም ብቻ የሚፈታ አልነበረም፤ ያለነው በኪራይ አፓርትመንት ነውና አንዱ ቤት ሲጸዳ ከጎረቤት ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣውና ዋሽንግተንንና ባልቲሞርን ጨምሮ በ8 ከተሞች የተካሄደው ጥናት፣ ለበረሮ አለርጂ ኖሯቸው መኝታ ክፍላቸው ውስጥም የበረሮ ብናኝ በብዛት የተገኘባቸው የአስም ልጆች ከሌሎቹ ይልቅ ደጋግመው ሆስፒታል ይተኙ እንደነበር አሳይቷል። ነርሷ ይህንኑ ጠቅሰው ለቤቱ አስተዳደር በክሊኒኩ ስም ደብዳቤ ጻፉልን፤ በደብዳቤው ውስጥም ልጁን ሊያስለው የሚችል የሚነፋ መርዝ ሳይሆን ስንጥቆች ውስጥ የሚቀባ መርዝ እንዲደረግ ጠየቁ። ከደብዳቤው በኋላ ሥራው በጠቅላላው ወለል ላይ ተሠራ።

ስለ ቡናችን የተናገሩበትን አክብሮትም መጥቀስ እወዳለሁ። ጭስ አለርጂ ስላልሆነ በቆዳ ምርመራ አይታይም፤ ሆኖም የተቆጣውን የመተንፈሻ ቱቦ ይበልጥ ያስቆጣዋል፣ የእጣን ጭስም ከዚህ አይለይም። እኚህ ነርስ ግን «ቡናችሁን ተዉ» አላሉንም። ልጁ ትምህርት ቤት ሲሆን መስኮት ከፍተን እንድንቆላ፣ እጣኑን ግን ቤት ውስጥ እንዳናጨስ ነው የመከሩን፤ እናቴም ይህን ያለ ቅሬታ ተቀበሉት። ባህሉን ያከበረ ምክር ስለሆነ እስከ ዛሬ ጸንቷል።

በየቀኑ የሚወሰደውን የሚሳብ መድኃኒት በተመለከተ «ሱስ ያስይዛል» የሚለው ስጋት በመካከላችን ሰፊ ነው። ነርሷ ሱስ እንደማያስይዝ፣ ሥራው የቱቦውን ቁጣ ማብረድ እንደሆነና ልጁ ስለተሻለው ብቻ እንደማይቋረጥ፣ ሲያፍነው ከሚወሰደው ፈጣን ማስታገሻ በምን እንደሚለይ ደጋግመው አስረዱ። ያለ ስፔሰር፣ ማለትም በመንፊያውና በአፍ መካከል ከሚገባው ባዶ ቱቦ ውጭ፣ ሲነፋ ብዙው መድኃኒት ጉሮሮ ላይ እንደሚቀር አሳይተው፣ ልጁ ራሱ እየሳበ እንዲለማመድ አደረጉት። ይህ ሁሉ በአማርኛ የደረሰን በአስተርጓሚው ወንድማችን ትጋት ነው፤ ያልገባኝን በድፍረት እንድጠይቅ ያበረታቱኝም እሳቸው ናቸው። ታላቋ ልጄ ልታስተረጉም ስትቀመጥ ነርሷ ይህ የልጅ ሸክም አይደለም ብለው ነበር አስተርጓሚ ያስጠሩት።

አሁን ልጃችን ሌሊቱን ተኝቶ ያድራል፤ ኳስም ሳያቋርጥ ይጫወታል። ተመሳሳይ ችግር ያለባችሁ ወላጆች፣ የልጃችሁን ሐኪም ወደ አስም ክትትል ክሊኒክ እንዲመራችሁ ጠይቁ፤ ቀጠሮ ስትይዙም የአማርኛ አስተርጓሚ እንደምትፈልጉ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች ይህን ያለ ክፍያ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ልጁ የሚጠቀምባቸውን መድኃኒቶችና ስፔሰሩን ይዛችሁ ሂዱ። የአለርጂ ማስታገሻ ሽሮፕ የቆዳውን ምርመራ ስለሚያዛባ ከስንት ቀን በፊት መቆም እንዳለበት ክሊኒኩን ጠይቁ፤ የአስም መድኃኒቱን ግን በራሳችሁ እንዳታቆሙ። ነርሷ ስማቸው በአደባባይ እንዲጻፍ ስላልወደዱ፣ የክሊኒኩን ስምና አድራሻ ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እልካለሁ።