ደሴ ላይ «በ7 ቀን ትልቅ አውሮፕላን መሳል» ለሚሏችሁ ከመክፈላችሁ በፊት

ተሸውጃለሁ። ማፈሩን ትቼ ልንገራችሁ፣ ቢያንስ እናንተ ትረፉ።

ልጄ 10 ዓመቱ ነው። አውሮፕላን ካየ ምሳውን ይረሳል። ወንድሜን ልንቀበል ኮምቦልቻ አየር ማረፊያ ከወረድን ወዲህ የሒሳብ ደብተሩ ሳይቀር ክንፍ በክንፍ ሆኗል። ክረምት እንደገባ ፒያሳ አካባቢ ምሰሶ ላይ ማስታወቂያ አየን። «ልጅዎ በ7 ቀን ድሪምላይነር ይስላል! ዕቃን ጨምሮ 1,800 ብር» ይላል። ክረምቱን ሙሉ ስልክ ላይ ተጥዶ ከሚውል ብዬ በቴሌብር ላክሁ። ደረሰኝ አልጠየቅሁም። ይሄ የራሴ ጥፋት ነው።

«ዕቃ» የተባለው አንድ እርሳስ፣ አንድ ላጲስ፣ 5 ካርቦን ወረቀትና የደበዘዘ ፎቶ ኮፒ ነው። ስቴሽነሪ ገብቼ ብገዛው 150 ብር አይፈጅም። ካርቦኑን ሳይ ነበር መጠርጠር የነበረብኝ። ለስዕል ትምህርት ካርቦን ምን ይሠራል?

በ3ኛው ቀን ልጁ የሚያምር ስዕል ይዞ መጣ። ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ቡና ሲፈላ ለጎረቤት ሁሉ አሳየሁ። 7ኛው ቀን ሲያልቅ ነጭ ወረቀት ሰጠሁትና «እስኪ እዚህ ቁጭ በልና ሳልልኝ» አልኩት። እርሳሱን ይዞ ዝም አለ። ከዚያ ቀና ብሎ «እማዬ፣ ካርቦኑስ?» አለኝ።

ለካ ሳምንቱን ሙሉ ሲሠራ የከረመው ፎቶ ኮፒውን ከላይ፣ ካርቦኑን ከመሃል አድርጎ መስመር መከተል ነው።

ፎቶ ኮፒውም ቢሆን ውሸት ነው። ይህን ያየው ልጁ ነው። «ድሪምላይነር» ተብሎ የተጻፈበት አውሮፕላን 4 ሞተር አለው፤ ከፊት በኩል ጀርባው ጉብ ብሏል። ይሄማ ቦይንግ 747 ነው! ድሪምላይነር የሚባለው ቦይንግ 787 ሞተሩ 2 ነው። የሞተሩ ሽፋን የኋላ ጠርዝ እንደ መጋዝ ጥርስ የተከረከመ ነው። አየር መንገዳችን ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የሚያበርረውን አውሮፕላን እንዴት ይሳሳቱታል? መምህሩን ብጠይቀው «እህቴ፣ ለልጅ ምን ልዩነት አለው?» አለኝ።

አለው እንጂ። 787-8 ርዝመቱ 57 ሜትር ገደማ ነው፣ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ ደግሞ 60 ሜትር። ከርዝመቱ ክንፉ ይበልጣል ማለት ነው። እነሱ አውሮፕላኑን ከላይ ሲታይ በሳሉበት ገጽ ላይ ግን የጫጩት ክንፍ ነው ያበቀሉለት።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ኮምቦልቻ ያየነው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 ነው። የእሱ ክንፍ ከመስኮቶቹ በላይ፣ ጣሪያው ላይ ነው። የትልልቆቹ ግን ከሆዳቸው በኩል ነው የሚወጣው። ልጄ ዓይኑ የለመደው ትንሹን ስለሆነ ትልቁንም ሲስል ክንፉን ጣሪያ ላይ ይሰካዋል። መምህር የሚከፈለው እኮ ይህን እንዲያርም ነበር። ካርቦን ይህን አያርምም።

ገንዘቤን መልሱ ብል «ምዝገባ አይመለስም» ተባልኩ። ልክሰስ ብል ደረሰኝ የለኝ።

እናንተ ልጅ የምታስመዘግቡ ከሆነ ብሩን ከመላካችሁ በፊት ለመምህሩ ባዶ ወረቀት ስጡትና ፊታችሁ ይሳል። አሥር ደቂቃ ይበቃል። የሚያውቅ ሰው በስሱ አንድ ረጅም መስመር ያሰምራል፣ በእሱ ላይ ቱቦ የመሰለውን አካል ያወጣል፣ ቀጥሎ የክንፉንና የጭራውን ቦታ ይለካል። ሞተሩን ከክንፉ ሥር፣ ወደ ፊት ወጣ አድርጎ ያንጠለጥለዋል። መስኮት የመጨረሻ ነው፤ በሁለት ስስ መስመሮች መሃል ይደረደራል። ከመስኮት የሚጀምር ካጋጠማችሁ ሻይ ቢጋብዛችሁም ውጡ። «ካርቦን አለው ወይ?» ብላችሁም ጠይቁ፣ አትፈሩ።

ልጄ አሁን ቤት ውስጥ የስልክ ፎቶ እያየ ይስላል። ትናንት የሳለው ጎማ የለውም። ረሳህ እንዴ ብለው «አየር ላይ ነው እኮ እማዬ፣ አጥፎታል» አለኝ። ክንፉ ግን ከጣሪያ ወርዷል።

ማስታወቂያው ከፒያሳ ተነስቷል። ባለፈው ቅዳሜ ሰኞ ገበያ በኩል ተለጥፎ አየሁት። ዋጋው 2,200 ገብቷል።